ለቲሲስ ኮተር፣ ኖናካ ወይስ ሌላ? ለውጥና እውቀት አመራር ላይ ለምትሰሩ የማስተርስ ልጆች

ሰሞኑን የፕሮፖዛል ሰሞን ስለሆነ በየግሩፑ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፣ «ቼንጅ ማኔጅመንት ላይ ልሰራ አስቤ ነበር፣ የቱ ሞዴል ይሻላል?» መልሱም ያው የተለመደው ነው፣ «ኮተርን ያዢ፣ ስምንት ስቴፕ አለው፣ ስምንቱን ኢንዲፔንደንት ቫሪያብል ታደርጊያቸዋለሽ፣ ኳሽነር በትነሽ ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ ትጨርሻለሽ»። ኖውሌጅ ማኔጅመንት ላይ ልስራ ያለ ደሞ ኖናካን (እውቀት ድርጅት ውስጥ እንዴት እንደሚዞር የሚያሳየውን ሞዴል) ይዞ አራት ሳጥን ይስላል። እኔ በዚህ አመራረጥ አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማና እኔ ብሆን የቱን ለምን አይነት ጥናት እንደምመርጥ ልጻፍላችሁ። አመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ የአዋጆቹ ብቻ በኛ ናቸው።

ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር መልሱ። የምትገቡበት መስሪያ ቤት ውስጥ ለውጡ የት ደርሷል፣ ሊጀመር ነው፣ መሃል ላይ ነው፣ ወይስ አልቆ ሰው እንኳን ረስቶታል? እዛ ቤት ውስጥስ ማንን ማናገር፣ ምን ወረቀት ማየት ይፈቀድላችኋል? እነዚህን ሁለቱን ከመለሳችሁ ከምርጫው ግማሹ አለቀ ማለት ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ሞዴሎች ለአንዱ ጊዜ ይሆናሉ እንጂ ለሁሉም አይሆኑም። ገና ላልተጀመረ ለውጥ የሚሆነውን መለኪያ ከአምስት አመት በፊት ላለቀ ለውጥ ስትጠቀሙበት የሚወጣው ቁጥር የሰው ትዝታ ነው፣ ዲፌንስ ላይ ኤክስተርናሉ (ከውጪ የሚመጣው ፈታኝ) አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ያፈርሰዋል።

ኮተር

በጣም የተለመደው ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሃርቫርዱ ጆን ኮተር በ1995 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ያወጣው ጽሁፍ ነው መነሻው፣ ከመቶ በላይ ኩባንያዎችን ለአስር አመት ያህል ስመለከት ያየሁት ነው ብሎ ድርጅቶች ለውጥ ላይ የሚሰሯቸውን ስምንት ስህተቶች ዘረዘረ፣ በአመቱ መጽሃፍ ሆኖ ሲወጣ ስህተቶቹ ወደ ስምንት እርምጃ ተገለበጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይሄ የብዙ አመት ልምድ ያለው ሰው ለስራ አስኪያጆች የሰጠው ምክር ነው። መጽሃፉ ማጣቀሻ እንኳን የለውም። በ2012 አፕልባውምና ጓደኞቹ ሊትሬቸሩን ፈትሸው ያገኙት ነገር ደሞ ይሄ ነው፣ ብዙዎቹ እርምጃዎች ለየብቻ ሲታዩ የሚደግፋቸው ጥናት አለ፣ ስምንቱን ባንድ ላይ እንደ ሙሉ ሞዴል የፈተነ ጥናት ግን አላገኙም።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ስምንቱን እርምጃ ወስደን እያንዳንዱን አምስት አምስት ጥያቄ እናደርገውና ለሰራተኛ እንበትናለን። አንዱን የተለመደ ጥያቄ እንየው፣ «የመስሪያ ቤቱ ኃላፊዎች የለውጡን ራዕይ በግልጽና በተደጋጋሚ አስተላልፈዋል»፣ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም ምናምን። አሁን ይሄን የምትሞላው ሴትዮ ራዕዩን አንዴ ብቻ ነው የሰማችው፣ ግን ቁልጭ ያለ ነበር። ምን ትሙላ? 3 ትሞላለች። ሌላው ደሞ በየሰኞው ስብሰባ ሰምቶት አንድም ቀን አልገባውም፣ እሱም 3። ሁለቱ ሰዎች ዳታችሁ ላይ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ክሮንባክ አልፋው ከ0.7 በላይ ወጣ ብላችሁ ብትደሰቱም ይሄን አይፈታውም፣ አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ አብረው መሄዳቸውን ነው የሚነግራችሁ እንጂ የምትፈልጉትን ነገር መለካታቸውን አይነግራችሁም።

ሌላም ጣጣ አለ፣ ያው ሰራተኛ በአንድ ቁጭታ «ኮሙኒኬሽኑ ጥሩ ነበር» ብሎ ሞልቶ ገጹን ገልብጦ «ለውጡ ውጤታማ ነበር» የሚለውንም ይሞላል። ቅር የተሰኘ ሰው ሁለቱንም ዝቅ ያደርጋል፣ ደስ ያለው ሁለቱንም ከፍ፣ እናንተ ሪግሬሽን (አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካ ስሌት) ስትሰሩ አሪፍ ሲግኒፊካንት ቁጥር ይወጣል፣ ግን የወጣው የሰውዬው ስሜት ከራሱ ስሜት ጋር ያለው ዝምድና ነው። ኮመን ሜተድ ባያስ የሚባለው ይሄ ነው፣ ፖድሳኮፍና ባልደረቦቹ በ2003 ሰፋ አርገው ጽፈውበታል፣ ኳሽነር ልትበትኑ ከሆነ እሱን ሳታነቡ አትበትኑ።

ኮተርን ጨርሶ ተዉት እያልኩ አይደለም። አንድ ያለቀ ለውጥ ይዛችሁ፣ ለምሳሌ አንድ ባንክ ወደ አዲስ ኮር ባንኪንግ ሲስተም የዞረበትን፣ የዛን ጊዜ ኃላፊዎች አናግራችሁ፣ ቃለ ጉባኤና ሰርኩላር አገላብጣችሁ፣ የቱ እርምጃ ተዘለለ፣ የቱ ተገለበጠ፣ ዘለውትም የተሳካው የቱ ነው ብላችሁ ብትከታተሉ ኮተር በጣም ጥሩ መፈተሻ ይሆናል። በተለይ የመጨረሻዋ ጥያቄ አሪፍ ናት፣ ምክንያቱም እርምጃ ተዘሎ የተሳካ ለውጥ ካገኛችሁ ቻፕተር ፋይቭ ላይ የምትሉት ነገር አላችሁ።

እግረ መንገዴን፣ ቻፕተር ዋን ላይ «ከለውጥ ፕሮግራሞች 70 ፐርሰንቱ ይከሽፋሉ» የምትለዋን አረፍተ ነገር እባካችሁ አውጧት። ሃመርና ቻምፒ በ1993 ስለ ሪኢንጂነሪንግ ሲጽፉ ከ50 እስከ 70 ፐርሰንት ብለው የገመቱት ነው፣ እነሱ ራሳቸው ሳይንሳዊ ያልሆነ ግምት ነው ብለዋል፣ ከዛ ቁጥሩ ካንዱ ጽሁፍ ወደ ሌላው እየዞረ እውነት መሰለ። ማርክ ሂውዝ በ2011 ቁጥሩን የጠቀሱ የታወቁ ምንጮችን ተከታትሎ አስተማማኝ መረጃ የለውም ብሎ ደምድሟል። የሚያስቀው ያ ሪኢንጂነሪንግ እኛ ሀገር ቢፒአር ብለን ለአመታት ስንታመስበት የከረምነው ራሱ ነው።

ሌዊንና አድካር

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። ሌዊን፣ ማቅለጥ መለወጥ መልሶ ማርጋት የሚለው፣ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። ግን በ2016 ካሚንግስ፣ ብሪጅማንና ብራውን ሂውማን ሪሌሽንስ ላይ ያወጡት ጽሁፍ አለ፣ ሌዊን በ1947 ሲሞት ስለ ሶስቱ ደረጃዎች የጻፈው በጣም ትንሽ እንደነበርና አሁን እንደ ሞዴል የምናውቀውን ከሱ በኋላ የመጡ ሰዎች እንደገነቡት ያሳያሉ። ሌዊንን ልትጠቅሱ ከሆነ ይሄን ጽሁፍ አንብባችሁ ጥቀሱ። ከሌዊን የምር ለቲሲስ የሚጠቅመው ገፊና ገቺ ኃይሎችን የሚተነትንበት መንገድና አክሽን ሪሰርች የሚለው ሃሳቡ ነው፣ ሁለተኛው ግን መስሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አብራችሁ እየቀየራችሁ ውጤቱን መልሳችሁ ማየት ስለሚፈልግ በአንድ ሴሚስተር አይቻልም።

አድካር የጄፍ ሂያት ነው፣ ፕሮሳይ የሚባለው ኩባንያ የሚያሰለጥንበት። የአንድን ሰው ለውጥ በአምስት ደረጃ ስለሚከፍል ለስራ፣ ማለትም ኤች አር ውስጥ ሆናችሁ ሰራተኛው የቱ ጋ እንደተያዘ ለማወቅ ይጠቅማል። ለቲሲስ ግን ከኮተር ጋር አንድ አይነት ችግር አለበት፣ ከተግባር የወጣ መሳሪያ ነው፣ ቲዎሪ ምን አስተዋጽኦ አደረክ ስትባሉ እጅ ያጥራል።

ለውጡ ገና ካልተጀመረ

እዚህ ጋ አሪፍ አማራጭ አለ፣ ሰው ግን ብዙ አይጠቀምበትም፣ ሬዲነስ (ለለውጥ ዝግጁነት) ይባላል። አርሜናኪስ፣ ሃሪስና ሞስሆልደር በ1993 የጀመሩት ሃሳብ ነው፣ ሆልትና ሌሎች በ2007 የተፈተነ መለኪያ አወጡለት። አራት ነገር ነው የሚለካው፣ ሰራተኛው ለውጡ ለመስሪያ ቤቱ ተገቢ ነው ብሎ ያምናል ወይ፣ አለቆቹ ከልባቸው ይደግፉታል ብሎ ያስባል ወይ፣ እኔ እችለዋለሁ ይላል ወይ፣ ለኔስ ምን ይጠቅመኛል የሚለው። እስቲ መስሪያ ቤታችሁን አስቡ፣ አዲስ ሲስተም ሊመጣ ነው ሲባል ሻይ ላይ የሚወራው ከነዚህ ከአራቱ ይወጣል? አይወጣም።

ጥቅሙ ኳሽነሩን ከዜሮ አትፈጥሩም፣ የሰውን መለኪያ ወስዳችሁ ወደ አማርኛ መልሳችሁ በትንሽ ሰው ሞክራችሁ ነው የምትገቡት። የምትጠይቁትም አሁን ስላለው እምነቱ ስለሆነ የትዝታ ችግር የለም። ጉዳቱ ለውጡ ሳይጀመር መድረስ አለባችሁ፣ የኛ ሀገር ፕሮፖዛል እስኪጸድቅ ደሞ ለውጡ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ኳሽነሩን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ቀኑ የታወቀ ለውጥ ምረጡ፣ አንድ ቅርንጫፍ ቢጀምር እንኳን ያልጀመረው ቅርንጫፍ አለ።

ወደ እውቀቱ ስንመጣ

ኖናካና ታኬውቺ በ1995 ያወጡት ሴኪ የሚባለው ሞዴል እውቀት ከሰው ወደ ሰው፣ ከሰው ጭንቅላት ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ሌላ ወረቀት፣ ከዛ ተመልሶ ወደ ሰው እጅ እንዴት እንደሚዞር በአራት ሳጥን የሚያሳይ ነው። ታዋቂዋ ምሳሌያቸው የማትሱሺታ የዳቦ ማሽን ናት። በ1980ዎቹ መሃል ማሽኑ ሊጡን በደንብ ማቡካት አቅቶት ሲቸገሩ አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ ውስጥ ጥሩ ዳቦ በመጋገር የታወቀ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ስር ተለማመደች፣ ሰውዬው ሊጡን ሲስብ ጠምዘዝ እንደሚያደርገው አየች፣ ተመልሳ ከኢንጂነሮቹ ጋር ሆነው ያንን ወደ ማሽኑ አስገቡት። ደስ የሚል ታሪክ ነው።

ግን አያችሁ፣ ይሄ አዲስ ምርት ስለመፍጠር ነው። የክፍለ ከተማ ጽህፈት ቤት ውስጥ ሴኪን በላይከርት ስኬል (በዛው እስማማለሁ አልስማማም በሚለው መለኪያ) ስትለኩ ምን አዲስ እውቀት ሲፈጠር ነው የምትለኩት? በአካዳሚው ውስጥም ትችት አለበት፣ ጉርሌይ በ2006 የአራቱን ዙሮች መረጃ አንድ በአንድ መርምሮ ብዙው አሳማኝ አይደለም ብሏል። የምርምርና ፈጠራ ስራ ያለበት ቦታ፣ ሶፍትዌር ድርጅት፣ የግብርና ምርምር ማእከል፣ ዲዛይን ቤት ከሆነ የምትገቡት፣ ያዙት። ከዛ ውጪ ከሆነ ተዉት ባይ ነኝ።

ለኛ ሀገር ድርጅቶች ይበልጥ የሚሄደው የገብርኤል ሹላንስኪ የ1996 ጥናት ይመስለኛል። ጥያቄው ቀላል ናት፣ አንዱ ክፍል በደንብ የሚሰራውን አሰራር ሌላው ክፍል ለምን መውሰድ ያቅተዋል? በ8 ኩባንያዎች ውስጥ 122 የአሰራር ዝውውሮችን አየ። ሁሉም የሚገምተው «ሰው ማካፈል ስለማይፈልግ» ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነው፣ ዋናዎቹ እንቅፋቶች ተቀባዩ ክፍል አዲሱን ነገር የሚረዳበት መሰረት ማጣቱ፣ አሰራሩ ለምን እንደሚሰራ ራሱ ሰጪውም በትክክል አለማወቁ፣ የሁለቱ ክፍሎች ግንኙነት መጥፎ መሆኑ ናቸው። ተነሳሽነት የተባለው እንደሚወራለት አልሆነም።

እኛ ጋ የማንኛውም ግምገማ መጨረሻ «የሰራተኛው ተነሳሽነት ዝቅተኛ መሆን» ነው አይደል? ለዚህ ነው ይሄን ጥናት የምወደው፣ መስሪያ ቤቱ ራሱ የሚያምንበትን ነገር በዳታ መሞገት ትችላላችሁ። ቦታ ከፈለጋችሁ ካይዘን (አሰራርን በትንሽ በትንሹ ሁሌ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) አለላችሁ። በ2009 ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተጀምሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፣ ከዛ በኋላ በየፋብሪካው አምስቱ ማዎች (የስራ ቦታን የማደራጃ አምስት ደንቦች) ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። እናም አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንዱ መስመር መሳሪያውን እቦታው ሰቅሎ የቅርጹን መስመር ስሎለት አምስት አመት ሲይዘው ጎረቤቱ መስመር ላይ ሰሌዳው ባዶ ይሆናል፣ ያው ስልጠና፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው አለቃ። እንዴት? ይሄ ነው የሹላንስኪ ጥያቄ፣ ሁለት መስመር ብቻ አወዳድራችሁም ጥሩ ቲሲስ ይወጣዋል።

ሌላው የላቭና ዌንገር መንገድ ነው፣ ሰው ስራ የሚማረው ከማኑዋል ሳይሆን ከባልደረቦቹ መሃል ገብቶ ነው የሚለው። ጁሊያን ኦር የዜሮክስ ጥገና ሰራተኞችን ተከትሎ ሲዞር ያየው ይሄንን ነው፣ ማኑዋሉ ላይ የሌለውን ብልሽት ምግብ ላይ ቁጭ ብለው ወሬ ሲያወሩ ነው የሚፈቱት። ባንክ የምትሰሩ ታውቁታላችሁ፣ ሲስተሙ ያልታወቀ ኤረር ሲያመጣ ቴለሩ ሄልፕ ዴስክ ከመደወሉ በፊት ሌላ ቅርንጫፍ ያለ ጓደኛው ጋ ነው የሚደውለው፣ ወይ ቴሌግራም ላይ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልካል። እዛ ቤት ተቀጣሪ ከሆናችሁ ከውጪ የመጣ ተመራማሪ በአመት የማያገኘውን ነገር በየቀኑ እያያችሁ ነው። ፈቃድ አውጡ፣ ማስታወሻ ያዙ። ቁጥር ለሚወድ አድቫይዘር ግን ማሳመኑ ከባድ ነው፣ እሱን እወቁት።

እኔ ብመርጥ

ለውጥና እውቀት የሚገናኙበትን ቦታ ነው የምይዘው፣ ማለትም መዋቅር ሲቀየር የሚጠፋውን እውቀት። ለዚህ ከኢትዮጵያ የፌዴራል መስሪያ ቤቶች የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? የአስፈጻሚ አካላትን ስልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅ በ2008 ቁጥር 916፣ በ2011 ቁጥር 1097፣ በ2014 ቁጥር 1263 ሆኖ ወጥቷል፣ በየሶስት አመቱ ማለት ነው፣ በእያንዳንዱ ሚኒስቴሮች ተዋህደዋል፣ ተከፍለዋል፣ ዳይሬክቶሬት ካንዱ ወደ ሌላው ተዛውሯል። ከዛ በፊት ቢፒአር ነበር፣ ሰው ከስራ መደቡ ተነስቶ እንደገና የተደለደለበት፣ ከዛ ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ የሚባለው የውጤት መለኪያ)፣ ከዛ አንድ ለአምስት። የለውጥ ጥናቶቻችን ግን ሁሌ «ሰራተኛው ለውጡን ተቀብሎታል ወይ» ላይ ይቆማሉ፣ ሰራተኛው ይዞት የሄደውን አይጠይቁም።

ርክክብ የሚደረግበትን ፎርም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠረጴዛ 1፣ ተዘዋዋሪ ወንበር 1፣ ሼልፍ 2፣ ኮምፒውተር ከነሲሪያል ቁጥሩ፣ ማህተም 1፣ ፋይል በዝርዝር። አስረካቢ ፈረመ፣ ተረካቢ ፈረመ፣ ምስክር ፈረመ። እኚህ ሰው 60 ሞልቷቸው ጡረታ የሚወጡ የመዝገብ ቤት ሰራተኛ ናቸው እንበል፣ የትኛው ፋይል በምን ስም እንደተከፈተ፣ የቱ ጉዳይ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ፣ በፊት በነበረው መዋቅር የተጻፈው ደብዳቤ አሁን በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ፎርሙ ላይ ግን ለዚህ አንድ መስመር የለም። ከሳምንት በኋላ ባለጉዳይ ይመጣና «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» ይባላል።

ይሄን ለማጥናት አንድ የተዋሃደ መስሪያ ቤት፣ ሁለት ወይ ሶስት ዳይሬክቶሬት ይበቃችኋል። ኬስ ስተዲ ነው የሚሆነው። አይዘንሃርት በ1989 ጽሁፏ ላይ ከ4 እስከ 10 ኬስ ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሰራል ብላለች፣ ያ ግን ከኬሶች ቲዎሪ ለሚገነባ ሰው ነው፣ ለማስተርስ ሁለትን ጠለቅ አርጎ መስራት ይሻላል። ለቲዎሪ ሹላንስኪን መያዝ ይቻላል፣ እዚህ ላይ ሰጪው ሰው መሄዱ ብቻ ነው የሚለየው። ፔቲግሩ በ1985 አይሲአይ የሚባለው የእንግሊዝ ኬሚካል ኩባንያ ላይ እንዳደረገው ለውጡን በታሪኩና በአካባቢው ውስጥ አስቀምጦ ማየትም ያስኬዳል፣ እሱን ሙሉ ለሙሉ ልምሰል ብላችሁ ግን እንዳትገቡበት፣ የብዙ አመት ስራ ነው።

«ስንት ሰው ነው ሳምፕልህ?» ትባላላችሁ፣ የማይቀር ነው። ያማኔን (የናሙና ብዛት ማውጫ ቀመር) የለመደ አድቫይዘር 400 ሰራተኛ ካለ 400ን ለ(1 ሲደመር 400 ሲባዛ በ0.0025) አካፍሎ 200 ያወጣላችኋል፣ ቀመሩ ልክ ነው፣ ግን የሚሰራው ከህዝቡ በዕጣ ናሙና ወስዳችሁ አንድን ፐርሰንት ለመገመት ስትፈልጉ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የፋይሉን ታሪክ የሚያውቁትን ሰዎች ከሆነ ዕጣ አይሰራም፣ የሚያውቁትን ፈልጋችሁ ነው የምታናግሩት። ፕሮፖዛሉ ላይ ይሄን በግልጽ ጻፉት፣ ቻፕተር ስሪ ላይ ጥያቄያችሁ «እንዴት» የሚል ስለሆነ መሆኑን አስረዱ፣ ሳይጻፍ ቀርቶ በዲፌንስ ቀን በቃል ሲመለስ ነው መዘዝ የሚመጣው።

አድቫይዘራችሁ «አይሆንም፣ ኮተርና ኳሽነር» ካላችሁ ደሞ አትጣሉ፣ ፈራሚው እሱ ነው። ኮተርን ያዙ፣ ግን አንድ የተወሰነ ለውጥ በስሙና በቀኑ ጥቀሱ፣ ጥያቄዎቹን አንድ አንድ ሃሳብ ብቻ የያዙ አድርጉ፣ ውጤት የምትሉትን ደሞ ከሰራተኛው አስተያየት ሳይሆን ከመስሪያ ቤቱ መዝገብ ውሰዱት፣ ለምሳሌ አንድ ጉዳይ በስንት ቀን ያልቅ ነበር፣ አሁንስ። ያኔ ንጽጽራችሁ በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በየቅርንጫፉ ወይ በየዳይሬክቶሬቱ ስለሚሆን የክፍሎቹ ብዛት በቂ መሆኑን ቀድማችሁ እዩ፣ ሶስት ክፍል ይዞ ሪግሬሽን የለም።

የድጋፍ ደብዳቤውን ስታወጡ «ለጥናት መረጃ እንዲሰጣት» ተብሎ በደፈናው እንዳይጻፍላችሁ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የርክክብ ሰነድና የመዋቅር ደብዳቤዎች ብላችሁ አዘርዝሩት። ኳሽነር ማንም ይፈቅድላችኋል፣ ሰነድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ነው የሚወርደው፣ ከሁሉም በፊት እሱን አስገቡ።